ከገመዱ ወዲህ የቆመ ጠሪ

ሁለተኛው ወር፣ አራተኛ ቀን

ዛሬ አዋጅ መጣ። የናስ ሳህን እየመታ የሚጮኽ ወታደር ከፊት፣ ፈረሰኞች ከኋላ። ተማሪዎቼ ቀለማቸውን ደፍተው ወደ ደጅ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

የፈረሰኞቹ መቶ አለቃ ዱ የሚባል የሰሜን ሰው ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ፤ ማንም አልገባውም። ሰዉ እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ ፈገግ ብሎ ያየዋል። መቶ አለቃው ተናደደና «በዚህ መንደር የሰው ቋንቋ የሚያውቅ የለም?» አለ።

ወጣሁ። የሰሜኑን ንግግር ለመንግሥት ፈተና ስዘጋጅ ተምሬዋለሁ፤ ደጋግሜ ወድቄ ከተመለስኩ ወዲህ አፌ ላይ አልዋለም ነበር። ቢሆንም አልተንተባተብኩም። መቶ አለቃው ቅንድቡን አነሳና «አነጋገርህ ያምራል፤ የት ተማርክ?» አለኝ። (ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ግን ብሎኛል።)

አዋጁ ይህ ነው። የባሕር ሽፍቶች እህልና ዓሣ የሚያገኙት ከዳርቻው ሰው ስለሆነ፣ ከባሕሩ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ድረስ ሰው እንዳይኖር። ቤት ይቃጠል፣ ጀልባ ይሰበር። የሦስት ቀን ጊዜ ተሰጥቷል። ከዚያ ወዲያ ከወሰኑ ማዶ የተገኘ ሁሉ ሽፍታ ነው።

አጎቴ ፓን፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ «የሩዙ ችግኝስ? ገና መደብ ላይ ነው» ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩላቸው። መቶ አለቃው «ባሕሩ ያጠጣዋል በላቸው» አለ። እኔ «መንግሥት ያስብበታል» አልኳቸው። ምን ክፋት አለው? እጅ ነስተው አመሰገኑ።

ወንድሜ አኪት መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ነገሩን ሰማ። «ወንድም ጋሼ፣ በመጨረሻ ፈተናውን አለፍክ አሉ!» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

ስድስተኛ ቀን

ገመድ እየጎተቱ ነው። ካንዱ ኮረብታ አናት እስከ ሌላው። በካርታ ላይ የተሰመረውን በመሬት ላይ የሚያደርጉት በገመድ ነው። ልኩ የተያዘው ከዋናው ባሕር ነው፤ የባሕሩ ምላስ እስከ መንደራችን ስለሚገባ ግን መንደራችን ከገመዱ ማዶ ቀረ፤ ከኋላችን ያለችው ሎንግታን ከተማ ወዲህ ሆነች።

ገመዱ በመንደሩ ጫፍ ባለው በአጎቴ ፓን ቤት ላይ አለፈ። ማድ ቤታቸው ወዲህ፣ መኝታቸው ወዲያ። «መምህር፣ በሏቸው እንጂ፤ ትንሽ ቢስቡት ምን ይሆናል? አንድ ክንድ ብቻ» አሉኝ። ነገርኩት። መቶ አለቃው ረጅም ሳቅ ሳቀና «እንግዲያስ ይብላ፣ አይተኛ» አለ።

ይህን አልተረጎምኩም። «አይቻልም» ብቻ አልኩ። አጎቴ ፓን ግን ሳቁን አይተው ነበር።

ሰባተኛ ቀን

ወጣን። እማዬ የአያቶቻችን ስም ያለበትን ጣውላ በሻሽ አዝላ። ሚስቴ ሱክሊን ድስቱን። እኔ ዩትን ትከሻዬ ላይ። ልጄ እሳቱን ስታይ በደስታ እጇን አጨበጨበች፤ የአዲስ ዓመት ርችት መስሏት ነው።

አኪት አብሮን የለም። ጀልባው ከተሰበሩት መካከል የለችም።

አሥራ ሁለተኛ ቀን

ሎንግታን። ሰዉ በቤተ መቅደሱ በረንዳ ላይ እንደ በግ ተጠጋግቶ ተኝቷል። ለእኛ ግን በጎን በኩል በር ያላት አንዲት ክፍል ተሰጠችን። የአስተርጓሚ ክፍል ይሏታል። በቀን ሁለት ጊዜ ሩዝም ይመጣልናል።

የከተማው ሰው በር አይከፍትም። አንዷ ባለሱቅ በረንዳው ላይ ላሉት «ዓሣ ዓሣ ትሸታላችሁ፤ ወደዚያ ራቁ!» ስትል ሰማሁ። ትናንት ከነሱ ዓሣ የምትገዛው እሷ ነበረች።

ሱክሊን «በሩን ዝጋው፤ ሳህናችንን እያዩ ነው» አለች። ዘጋሁት። እማዬ ተነሳችና ከፈተችው። ድርሻዋን ይዛ ወጣች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። «በላሽ?» ስላት «ጠገብኩ» አለችኝ። አልዋሸችም ብዬ ልለፈው?

ሃያኛ ቀን

ቦይ እየተቆፈረ ነው፣ ገመዱ ባለፈበት። የሚቆፍረው በረንዳው ላይ ያለው ሰው ነው። በራሱና በእርሻው መካከል በራሱ እጅ ይቆፍራል። ቦዩን የተሻገረ ይገደላል። ይህንንም ያወጅኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። ለነሱ ብዬ ነው።

ስመለስ አንዱ ከኋላዬ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አለ። ዞር ብል ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ሕፃናት እየሞቱ ነው። ተቅማጥ ነው።

ሃያ ሰባተኛ ቀን

ማለዳ መቶ አለቃው አስጠራኝ። ቦዩ ዳር ወሰደኝ። ማዶ የከሰለው መንደራችን፣ ከኋላው ዋሻ የበዛበት ኮረብታ።

«እዚያ ተመልሰው የገቡ አሉ» አለኝ። «እኔ ልፈልጋቸው ብገባ ፈረሶቼን እሰብራለሁ። አንተ ጥራቸው። ምሕረት ተደርጎላችኋል፣ ሩዝም አለ በላቸው።»

«ምሕረት ተደርጓል ወይ፣ ጌታዬ?»

«በላቸው አልኩህ።»

ጠራኋቸው፣ በእኛው ቋንቋ። ድምፄ ያን ያህል ርቆ የሚሄድ አይመስለኝም ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከየጉድጓዱ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ። ስኳር ድንች ለመቆፈር የተመለሱ ናቸው፤ እጃቸው ጭቃ ነው። ከፊት አጎቴ ፓን። የአልጋቸውን እግር ምርኩዝ አድርገው ይዘውታል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ወደ ኋላ ዞረው «አላልኳችሁም? የልጅ ልጄን ፊደል ያስቆጠረ ሰው አይዋሽም!» አሉ።

ወደ እኔ ሲደርሱ መቶ አለቃው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ደክመሃል፤ ሂድና ሻይ ጠጣ» አለኝ።

ሄድኩ። የዘቦቹ ጎጆ ሩቅ አይደለም። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው። ሻይ የሚቀዳው ወታደር ያንጎራጉራል። ከፍ አድርጎ እንዲዘፍን ለመንኩት። ጥሩ ድምፅ ነበረው።

ሃያ ስምንተኛ ቀን

አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።

እሱ «ምሕረት» አለ፤ እኔ «ምሕረት» አልኩ። ቃሉን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አስተርጓሚ ቱቦ ነው፤ ቱቦ ውኃው መራራ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ሱክሊን ልብሴን ስታጥብ ጫማዬን አገላብጣ አየች። ምንም አልነበረበትም። አላየሁም ብያለሁ።

ሦስተኛው ወር፣ ሁለተኛ ቀን

በበረንዳው ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ዛሬ እማዬ ጠየቀችኝ።

«ፓን የት ሄዱ?»

«ወደ ሌላ ከተማ ተልከዋል።»

«የት ከተማ?»

«ሩቅ ነው፣ እማዬ።»

«ምራታቸው አብራ ተልካለች?»

«አብራ።»

«እንኳን አብራ ሆነች» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከመቶ አለቃው በጨው የደረቀ ዓሣ መጣ። ዩት በላች። እኔም ቀመስኩ። ከባሕሩ ዳር ከወጣን ወዲህ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም ነበር።

አምስተኛ ቀን

ሌላ ቦታ፣ በምሥራቅ በኩል። ጠራሁ። ያለፈውን ያህል አልወጡም። ወሬ ሳይደርሳቸው አልቀረም።

መቶ አለቃው «ስትጠራቸው አልቅስ፤ ትንሽ እንባ ቢኖርበት ይሻላል» አለኝ። እየቀለደ ይመስለኛል።

ስምንተኛ ቀን

አኪት በሕይወት አለ።

ከበረንዳው አንዲት ሴት ለሱክሊን በሹክሹክታ ነገረቻት። ጀልባዋን በባሕሩ ምላስ ሸምበቆ ውስጥ ደብቋታል። ኮረብታው ላይ የተደበቁትን ወደ ደሴቶቹ ያሻግራል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ቀትር ብቻ ነበር።

ከቀትር በኋላ መቶ አለቃው አስጠራኝ። «አንድ ጀልበኛ አለ» አለኝ። «ነገ በመንደራችሁ በኩል ትጠራልኛለህ።» ከዚያ ፊቴን እያየ «ወንድም አለህ?» አለኝ።

«ነበረኝ፣ ጌታዬ። ባሕር በላው።»

«እንግዲያስ አያስቸግርህም» አለ።

ያውቅ ይሆን? የሚያውቅ ይመስለኛል። የማያውቅም ይመስለኛል።

ለሱክሊን ስነግራት እማዬ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ገባችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የምትጠራቸው?»

«በእኛው ነዋ።»

«ሰውየው የእኛን ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«አንድም ቃል?»

«አንድም ቃል፣ እማዬ። ከሰሜን ነው ስልሽ።»

 ዝምታዋ አላማረኝም፤ ስለዚህ እኔው ቀጠልኩ። ከዘቦቹ አንዱ ሊያውቅ ይችላል አልኩ። ማን ያውቃል አልኩ። ዩት አለች፣ ሱክሊን አለች፣ አንቺም አለሽ አልኩ። በረንዳው ላይ ሰው እንደ ዝንብ ይረግፋል፤ ይህችን ክፍል ያስገኘችልን ይህች አፌ ናት አልኩ።

«እኔ ምን አልኩህ?» አለች። «ይሰማል ወይ ብቻ ነው ያልኩህ።»

ዘጠነኛ ቀን

ዝናብ። ጥሪው ቀረ። ተመስገን።

አሥረኛ ቀን

አሁንም ዝናብ። ዩት አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ «አባባ፣ ዝናቡን ማን ጠራው?» አለችኝ። ሱክሊን ገንፎውን እያማሰለች ቆመች፤ ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች።

አሥራ አንደኛ ቀን



ዛሬ መቃብር የሚጠረግበት በዓል ነው። የአባቴ መቃብር ከወሰኑ ማዶ፣ መንደራችን አፋፍ ላይ ነው። እማዬ ማለዳ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ «የት ነው?» አልኳት። «ቦዩ ዳር ቆሜ ከሩቅ እሰግድለታለሁ» አለች። እንደሷ ያሉ አሮጊቶች ብዙ ነበሩ። ዘቦቹም ዝም ብለዋቸዋል።

እኔ ከመቶ አለቃው ጋር ነበርኩ። ቀስተኞቹ ሣር ውስጥ ተጋድመዋል። ጠራሁ። ምሕረት አልኩ። ሩዝ አልኩ። በጀልባ የምታሻግረውም አትፍራ፣ ላንተም ተደርጓል አልኩ። ስሙን ግን አልጠራሁም። ይህ ይመዝገብልኝ፤ ስሙን አልጠራሁም።

ኮረብታው ላይ፣ ከቀርከሃው ሥር፣ ቅጠል ተነቃነቀ። ሰው ነበር። አረማመዱን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ወደ ታች እየወረደ ነበር። የኔን ድምፅ ሰምቶ ነበር የሚወርደው።

ያን ጊዜ ከጎናችን ጩኸት ተሰማ። እማዬ ቦዩን ተሻግራለች። መጥረጊያዋን ከራሷ በላይ እያወዛወዘች በተቃጠለው መንደር መካከል ትሮጣለች፤ ሩጫ ከተባለ።

«አኪት! አትውጣ! አኪት ልጄ፣ ወንድምህ ይዋሻል! ፓንን በልተዋቸዋል! ጀልባህን ይዘህ ጥፋ! አኪት!»

መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው የምትለው?»

ወደ እሷ አየሁ።

«ምን ትላለች? ተርጉም!»

«ዶሮዎቿን እየጠራች ነው» አልኩት። «አርጅታለች። ዶሮዎቿ እዚያ የቀሩ ይመስላታል።»

«አኪት አኪት ትላለች።»

«እኛ ዘንድ ለዶሮም ስም ይወጣል፣ ጌታዬ።»

አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እሷ መጮኽዋን አላቆመችም። ቀርከሃው ሥር ማንም የለም፤ ቅጠሉም ቆሟል። መቶ አለቃው ጣቱን አነሳ።

አንደኛው ፍላጻ አላገኛትም። ወደ እኛ ዞረችና አየችኝ። ተናግራ ነበር ግን ነፋሱ ወሰደው። ወይ እኔ አልሰማሁም። ሁለተኛው አገኛት።

መቶ አለቃው ልጓሙን እያስተካከለ «አሮጊቷን ታውቃታለህ?» አለኝ።

«የመንደሩ ሰው ናት» አልኩ።

አሥራ ሁለተኛ ቀን

በድኗ እዚያው ነው። ከቦዩ ይታያል። መጥረጊያው ከጎኗ። መሻገር ክልክል ነው፤ ክልከላውን ያወጅኩት እኔ ነኝ።

በረንዳው ላይ ያወራሉ። ሌሊት ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ አንዲት ጀልባ ሰው ሞልታ ወጥታለች ይላሉ። ሱክሊን ነች የነገረችኝ። ከትናንት ወዲህ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው።

አሥራ አራተኛ ቀን

ድምፄ ጠፋ። ስነቃ የለም። ጉንፋን ይሆናል።

ሃያኛ ቀን

የሠራዊቱ መድኃኒተኛ አፌን ከፍቶ ጉሮሮዬን አየ። ለመቶ አለቃው «ቁስል የለበትም፣ እብጠት የለበትም» አለው። መቶ አለቃው ዝንጅብል በማር ላከልኝ።

ሱክሊን ዝንጅብሉን ከፊቴ አነሳችው። «ሌሊት በእንቅልፍህ ተናግረሃል» አለችኝ።

«ምን አልኩ?» ብዬ በእጄ ምልክት ጠየቅኋት።

«ምሕረት ምሕረት ትላለህ። ጥርት አድርገህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው አይስማህ። ከዛሬ ጀምሮ አፍህን በጨርቅ አስረህ ተኛ» አለችኝ።

አሰርኩ። ራሷ ነች ቋጠሮውን የቋጠረችልኝ።

አራተኛው ወር፣ ሁለተኛ ቀን

ገመዱ እንደገና ወደ ውስጥ ሊገፋ ነው። አሁን የተራራው ሥር መንደሮች ተራ ነው። እነሱም የእኛን ቋንቋ ነው የሚናገሩት።

መቶ አለቃው ራሱ ወደ ክፍላችን መጣ። «ድዳ አስተርጓሚ ምን ይሠራልኛል?» አለ። «ክፍሉን ልቀቁ።»

ሱክሊን ሳታንገራግር ድስቱን አነሳች። በረንዳው ላይ ስንቆም ማንም አልተንቀሳቀሰም። በኋላ ያቺ የጀልባውን ወሬ ያመጣች ሴት ምንጣፏን ግማሽ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልን። «ላንተ አይደለም» አለችኝ። «ለእናትህ ነው።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ድዳ መሆን ለዚህም ይመቻል።

አምስተኛ ቀን

ርቧታል፣ ዩት። ሱክሊን ግን ትናንት ስቃለች፤ ዩት ድዳነቴን ስታስመስል አይታ። እኔም ሳቅሁ፣ ያለ ድምፅ። እንዲህ ሆኖ መኖር የሚቻል መሰለኝ።

ስምንተኛ ቀን

ዛሬ ሕፃናቱ ከቦዩ ዳር እንጆሪ የመሰለ የዱር ፍሬ ይለቅሙ ነበር። እኔ እንጨት እሰበስባለሁ። ቀና ስል ዩት ቦዩ ውስጥ ወርዳ በወዲያኛው ጎን ትወጣለች። ቀዩ ፍሬ ያለው ወዲያ ማዶ ነው። ዘቡ ቀስቱን ስቧል። እየቀለደ አልነበረም፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ዩት! ቁሚ! ተመለሺ! ልጄ ናት፣ አትተኩስ!»

በሁለቱም ቋንቋ ነው የጮኽኩት። ኮረብታው ሳይቀር መለሰው።

ልጄ ቆመች፤ ተመለሰች። ዘቡ ቀስቱን አወረደ። እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ እየሮጠች «አባባ ተናገረ! እማ፣ አባባ ተናገረ!» ትላለች። በረንዳው ላይ ያለ ሁሉ ሰማ። በመንገድ የሚያልፈው ሰማ። ሱክሊን ልብስ ታጥብ ነበር፤ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን የምጽፍበት ቃል የለኝም።

ሳይመሽ መቶ አለቃው ላከብኝ። «እንኳን ዳንክ» ብሏል።

ዘጠነኛ ቀን

ሱክሊን ሌሊቱን ዩትን አቅፋ ተቀመጠች። ልሂድ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አትሂድ አላለችኝም። ልጅቱ በመካከላችን ተኝታለች።

አሥረኛ ቀን

የተራራው ሥር። ከጎኔ ቻው የሚባል ከአውራጃው ከተማ የመጣ ሰው አለ። የእኛን ቋንቋ አሳምሮ ይሰማል። ሥራው እኔን ማዳመጥ ነው። መቶ አለቃው «ከዶሮዎቹ ወዲህ ስፈልገው የነበረ ሰው ነው» አለኝና ሳቀ።

ያ ሁሉ ቀን የፈለግኩትን ማለት እችል ነበር። ቋንቋችንን የሚሰማ ከጎኔ ማንም አልነበረም።

ጠራሁ። ብዙ ወጡ። ከፊት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ሌላ በእጇ ይዛ። አጠገቤ ስትደርስ አጎንብሳ እጅ ነሳችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ባዳ ቢጠራን አንወጣም ነበር» አለች። «በእኛው ቋንቋ ሲጠሩን ነው ያመንነው።»

ቻው ለመቶ አለቃው ተረጎመለት። ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።